ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኤን ትሬ፦ የዲላ መንገድ የፍሬን ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ነጋሪት፣ የጦር ሜዳ፣ የተሾመና የተሻረ ነው። ስለ ጭነት መኪና ታሪክ ልንጽፍ ነው ብንል የኢንጂነሪንግ ወዳጆቻችን «እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆናችሁት?» ብለው መሣቃቸው አይቀርም። ይሣቁ። እኛ ግን ነገሩ የታሪክ ጥያቄ ነው ባዮች ነን። በ1950ዎቹ ለ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ታስቦ የተሠራ ካሚዮን፣ ዛሬ ለ80 እና ከዚያም በላይ በሚያስሮጥ አስፋልት ላይ ሲወጣ፣ ሁለት ዘመን በአንድ ኩርባ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛል። አንዱ መንገድ ካለቀቀ ደግሞ የሚሆነውን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ከዲላ ለዕረፍት በአውቶቡስ የተሳፈረ ተማሪ ሁሉ በመስኮት አይቶታል።

እንግዲህ ከበቅሎው እንነሣ። ደጃዝማች ባልቻ ሲዳሞን በሚገዙበት ጊዜ፣ ማለትም እስከ 1920 ዓ.ም. ድረስ፣ የጌዴኦ ቡና ወደ ሸዋ የሚጓዘው በአጋሰስ ጀርባና በገባር ጫንቃ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የቡናው መንገድ መጨረሻ ጅቡቲ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከዲላ እስከ ባቡሩ ያለው ግን ያው የእግር መንገድ ነው። የተጫነ አጋሰስ በቀን 25 እና 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከዲላ አዲስ አበባ ያለው 360 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዝናብና የሞላ ወንዝ ሳይቆጠር ሁለት ሳምንት ግድም ይፈጃል። የበቅሎ ነገር ሲነሣ አንድ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ጉዳይ አለ። በቅሎ ገደል አፍ ላይ ስትደርስ ራሷ ትቆማለች። ጌታዋ ቢቸኩል፣ ቢገርፋት፣ ዕዳ ቢኖርበት እሷን አይመለከታትም። ከበቅሎ ወደ ሞተር ስንሸጋገር ያተረፍነው ጉልበትና ጊዜ ነው፤ ያጣነው ይህንን ነው።

ካሚዮን ወደ ደቡባችን በብዛት የገባው ከጦርነት ጋር ነው። ግራዚያኒ ከሶማልያ በኩል ሲመጣ ተስፋው ሁሉ በጎማ ላይ ነበር፤ ከአሜሪካ ሳይቀር ካሚዮኖችና የሰንሰለት ትራክተሮች አስገዝቶ ነበር። በጥር 1928 የሲዳሞው ገዢ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶርያ ሲፈታ፣ በተሽከርካሪ የተጫነው የጣልያን ጦር ከዶሎ ተነሥቶ በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ቦረና ገባ። ለእግረኛ ጦር የሳምንታት መንገድ የነበረው የቀናት ሆነ። የአውሮፕላኑን ቦምብና የመርዙን ጋዝ ረስተን አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ ካሚዮን ለአገራችን ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ሆኖ እንደታየው ማሰብ ይገባል፤ የፍጥነት የመጀመሪያ ትምህርታችን በጠላት እጅ የተሰጠ ትምህርት ነው።

በወረራው ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ ስሙ የገነነው ፊያት 634 ነበር። ስድስት መቶውን ሕዝቡ ጣለውና «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ሠላሳ አራት ማለት ነው፣ ብሎ ጠራው። በናፍጣ የሚሠራ፣ ስድስት ፒስተን ያለው፣ ጉልበቱ ከ75 እስከ 80 ፈረስ የሆነ፣ ፍጥነቱ ደግሞ ከ40 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ከባድ መኪና ነው። ዛሬ በየከተማው ውር ውር የምትል ትንሽ አውቶሞቢል ከዚህ ካሚዮን የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት አላት። እሱ ግን በዚያች ጉልበት ብዙ ቶን ጭኖ ዳገት ይወጣ ነበር። እንዴት ቢሉ፣ በቀስታ ነዋ!

ጣልያን በ1933 ሲሸነፍ ካሚዮኑ ቀረ፣ ብዙ መካኒኮችም ቀሩ፣ ከሁሉም በላይ ቋንቋው ቀረ። ጋራዥ የገባ ሰው ሳያውቀው ጣልያንኛ ይናገራል። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፣ ቶርኖ፣ ስፖንዳ፣ ቦሎ፣ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። አማርኛችን ለመኪናው አካል በሙሉ ስም ተውሶ ሲያበቃ ለሾፌሩ የመጀመሪያ ረዳት ግን ከራሱ ቤት ቃል አወጣ፦ «ረዳት» አለው። ይህ ረዳት በኋላ ይመጣልናል።

ከጦርነቱ በኋላ መንገዶቹ ተበላሽተው ነበርና በ1943 በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካኖች እርዳታ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በጣልያን ጊዜ ዋናው አስፋልት ያዘነበለው ወደ ሰሜን ነበር፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ጥርጊያና ጠጠር ሆኖ ቆይቶ ቀስ በቀስ ነው ሻሸመኔን፣ አዋሳን፣ ዲላን እያያያዘ እስከ ሞያሌ የተሻሻለው። ቡናውም እንደ መንገዱ በዛ። የዚህ ዘመን ንጉሥ ደግሞ ፊያት 682 ነው። መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ መካከል ኤን 3 የተባለው በአገራችን «ኤን ትሬ» ተብሎ የቤት ልጅ ሆነ። ሞተሩ 11 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። ተሳቢ አስከትሎ፣ ጭነቱን ከስፖንዳው በላይ ከምሮ፣ ሸራ ለብሶ ሲያዘግም የሚያሳየው ግርማ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አምቼ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን መኪናዎች መገጣጠም ሲጀምር የጣልያን ካሚዮን አገሩን አገኘ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናነሣው አንድ ቀን አለ፦ ሰኔ 1 ቀን 1956። እስከዚያ ድረስ በኢትዮጵያ የሚነዳው በግራ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ ሆነ። አውቶሞቢል የነበረው መሪው በትክክለኛው ወገን ያለበትን ሌላ አውቶሞቢል ቢገዛ ተገላገለ። የጣልያን ከባድ መኪናዎች ግን በገዛ አገራቸውም ቢሆን መሪያቸው በቀኝ የሚሠራ ብዙ ነበሩ፤ በአልፕስ ተራራ ጠባብ መንገድ ላይ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ ቁልቁል እያየ እንዲነዳ ተብሎ ነው ይባላል። ለተራራ ሰዎች የማያስነቅፍ አሳብ ነው። ለኛም ለገደሉ ደግ ነበር። ችግሩ መቅደም ሲመጣ ነው። መሪው በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ ሲሆን ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ግማሽ ካሚዮኑን ወደ መሐል መንገድ ካላወጣ በቀር ከፊት የሚመጣውን አያይም። ታዲያ ማን ያይለታል? ረዳቱ። ጋቢና ውስጥ በግራ በኩል የተቀመጠው፣ ብዙ ጊዜ የኛ እኩያ ወይም ከኛ የሚያንስ ልጅ፣ አንገቱን አውጥቶ «ነፃ ነው!» ወይም «ቆይ!» ይላል። የሁለት ጋቢና ሙሉ ሰው ነፍስ በዚያ ልጅ ዓይንና አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በ40 ኪሎ ሜትር ይህ ዘዴ ይሠራል። «ቆይ» የሚለው ቃል ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ፣ ሾፌሩም መሪውን እስኪመልስ አንድ ሴኮንድ ቢጠፋ ካሚዮኑ የሚሄደው 11 ሜትር ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና ግን ዛሬ በ90 ይመጣል፤ በዚያችው ሴኮንድ እሱ ብቻ 25 ሜትር ይበላል። ካሚዮኑ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፊቱ የሚመጣው ዘመን ነው። ስለዚህ መሪው በቀኝ የሆነ አሮጌ ካሚዮን በዛሬው አስፋልት ላይ ሲነዳ ትልቁ ብልሃት አለመቅደም ነው። መሪውን ወደ ግራ ማዛወር ይቻላል የሚሉ ጋራዦች አሉ። ይቻላል፤ ነገር ግን የመሪ ዘንግና ማያያዣ በብየዳ የተቀጠለበት መኪና ላይ ከመሳፈር ባይዛወር ይሻላል። ብየዳ ለስፖንዳ ነው እንጂ ለመሪ አይሆንም።

የድሮ ሾፌሮች አነዳድ ዛሬ ሲወራ ተረት ይመስላል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ፍሬን መፈተሽ፣ ጎማ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ። ማርሹ ጥርስ ለጥርስ የሚገናኝ ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ሳይረግጡና የሞተሩን ድምፅ በጆሮ ሳይመዝኑ መቀየር አይቻልም፤ ቁልቁለት ላይ አንዴ ከወጣ መልሶ ለማስገባት ጭንቅ ነው። ረዳቱ ደግሞ ታኮውን ይዞ ዝግጁ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ሲያቅተው ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ መወተፍ የሱ ፈንታ ነው። ዛሬ የእጅ ፍሬን የምንለው ነገር በእነዚያ ካሚዮኖች ላይ የሰው ልጅ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ያ ልጅ ሲያዳልጠው ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስበው።

መንገዱም ራሱ ፍሬን ነበር። ጠጠሩ፣ ጭቃው፣ ጉድጓዱ፣ ጠባቡ ድልድይ፣ ሁሉም ሾፌሩን ያዝ ያደርጉታል። ማንም መሐንዲስ አስቦ ባያደርገውም መንገዱና ካሚዮኑ ተመጣጣኝ ነበሩ። እኛ «ኋላ ቀር» የምንለው መንገድ የብዙ ሰው ሕይወት ሳይጠብቅ አልቀረም። ይህን ስንል የጠጠር መንገድ ይመለስ ማለታችን አይደለም፤ በክረምት ምጥ የያዛት ሴት ከኮቾሬ ወይም ከቡሌ ዲላ ሆስፒታል ልትደርስ ስትል ጠጠርና ጭቃ ምን እንደሚያደርጋት የአገሩ ልጆች ያውቁታል።

ከአብዮቱ በኋላ ጭነት በቀጠና ተደራጀ። ካሚዮኖች በማኅበር ታቅፈው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ መንግሥት በወሰነው ታሪፍ ይጭኑ ጀመር። የምሥራቅ አገሮች መኪናም የገባው በዚያ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና ቸግሯት፣ ደርግ ደግሞ መሣሪያ ቸግሮት፣ ሁለቱ ቡናን በመሣሪያ ተለዋወጡ፤ ኢፋ የተባለው የምሥራቅ ጀርመን ካሚዮንም በአገራችን ጎዳና የታየው በዚያው ዘመን ነው። ስለ ቀጠናው አሠራር ባለንብረቶች የሚያወሩት ምሬት ነው። ወረፋው ረጅም፣ መለዋወጫው ብርቅ፣ ቢሮክራሲው አሰልቺ። እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ወረፋ የሚጠብቅ ሾፌር ምን አስቸኮለው? ዛሬ ማታ ቢደርስም ነገ ጠዋት ቢደርስም ወረፋው ያው ነው።

በ1984 ጭነቱ በአዋጅ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው የኛ ዘመን ነው። ሾፌሩ በምልልስ ቁጥር ያገኛል፤ ብዙ የተመላለሰ ብዙ ይበላል። ፈጣኖቹ ኢሱዙዎችም መጡ፤ ጫት ጭነው ሌሊቱን ሲከንፉ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ስም አወጣላቸው። ቀዮቹ የቻይና ገልባጮች ደግሞ «ቀይ ሽብር» ተባሉ። ሕዝብ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም፤ ለአደጋ ስም ሲፈልግ ከገዛ ታሪኩ መራራውን መርጦ ሰጠ። ልብ በሉ፣ ኤን ትሬን እንዲህ ብሎ የሰደበው የለም።

ይህን ሁሉ ያመጣነው አንድ ክርክር ስላለን ነው። የአሮጌ ካሚዮን አደጋ ሲነሣ መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ይህ ሁሉ ቁራጭ ብረት በሕግ ይታገድ» ይላል። ሌላው «የድሮ ብረት እኮ ጠንካራ ነው፤ ሞተሩን ብቻ ብታስቀይረው ከአዲሱ ይበልጣል» ባይ ነው። የሁለተኛው ወገን በተግባር እየበዛ ነው። ያረጀውን ሞተር አውጥቶ ተርቦ ያለው ጉልበተኛ ሞተር መግጠም፣ የዲፈረንሻሉን ጥርስ አስቀይሮ በያንዳንዱ የሞተር ዙር ጎማው ብዙ እንዲሄድ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። 60 ላይ ይጮህ የነበረው ካሚዮን በ85 ዝም ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ፍሬኑ ግን አልሰማም! ታምቡሩ ያው፣ ሸራው ያው፣ የአየር ቧንቧው ያው።

ሒሳቡን እንየው፤ የሂውማኒቲስ ተማሪም ቢሆን ማባዛት አይከለከልም። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ይፍጅበት። ፍሬኑም በያንዳንዱ ሴኮንድ ፍጥነቱን በ11 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንስ፤ ይህ ለተጫነ አሮጌ ካሚዮን የሚያስከፋ ግምት አይደለም። በ40 ሲሄድ የነበረው ከ30 ሜትር ትንሽ አልፎ ይቆማል። በ80 የነበረው ግን ለመቆም ከ100 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ሥራ አራት እጥፍ ይሆናልና። ሞተር ማስቀየር ለመሄድ ነው፤ ለመቆም ማን ከፈለ?

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ይርጋ ጨፌ ከዲላ ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጠቅላላ ክብደቱ 15 ቶን የሆነ ካሚዮን ያንን ከፍታ ሲወርድ፣ ከፍታው የሰጠው ጉልበት ሁሉ የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። በስሌት ሲታይ ሙቀቱ 130 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከግማሽ በርሜል በላይ መሆኑ ነው፣ ማፍላት ይችላል። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረዱ ትልቁን ድርሻ ሞተሩ ይውጠዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ከለቀቁት ግን ሁሉም ታምቡሩ ላይ ነው። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል። ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ አለ፣ አየሩም አለ፣ መኪናው ግን አይቆምም። በማግስቱ ወሬው «ፍሬን በጥሶ» ይሆናል።

ይህን «ፍሬን በጠሰ» የሚል አነጋገር እንደ ቋንቋ ተማሪዎች እንቃወመዋለን። «በጠሰ» ሲባል ፍሬን ማለት እንደ ገመድ በአንድ ቅጽበት የሚቆረጥ፣ ማንም የማይጠየቅበት፣ የእግዜር ቁጣ ይመስላል። በእውነት የሚበጠስም አለ፤ ያረጀ ቧንቧ ይፈነዳል። አብዛኛው ግን ግሎ የደከመ ፍሬን ነው፤ ለመጋል ደግሞ ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ማርሽ ሊቀየር፣ ሊቆም፣ ሊቀዘቅዝ ይችል ነበር። ቃሉ ሾፌሩንም፣ ባለንብረቱንም፣ ከልክ በላይ ያስጫነውን ነጋዴም በአንድነት ነፃ ያወጣቸዋል።

ቧንቧ ሲፈነዳስ? ለዚህ መልስ ከተገኘ ቆይቷል። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሐውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር የአየር ፍሬን ሠራ፤ ችግሩ አየሩ ካመለጠ ፍሬንም የለም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው፦ አየሩ ሲያመልጥ ባቡሩ ራሱ እንዲቆም አደረገ። የዛሬ ከባድ መኪናም በዚሁ አሳብ ይሠራል፤ በአየር ታምቆ የተያዘ ጠንካራ ሞላ አለ፣ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ተወርውሮ ጎማውን ይይዛል። ቧንቧውም ሁለት የተለያየ መስመር ነው፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው ያቆማል። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ብዙ ካሚዮኖች ግን መስመራቸው አንድ ብቻ ነበር። በአሮጌ መኪና ላይ ገንዘብ ከፈሰሰ መጀመሪያ መፍሰስ ያለበት እዚህ ነው ብለን እናምናለን፦ መስመሩን ለሁለት መክፈል፣ ባለ ሞላውን ፍሬን ከኋላ መግጠም፣ ከአየር በርሜሉ ውስጥ ውሃውን በየጠዋቱ ማንጠፍ። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ እንኳ አያስወጣም።

ቀጥሎ ጎማና መሪ ነው። የድሮው ጎማ ክሮቹ እርስ በርስ የተሸራረቡበት ነው፤ በረጅም ሩጫ ቶሎ ይግላል። ራዲያል ይሻላል፤ ዳሩ ግን በአንድ አክሰል ላይ አንዱን ራዲያል ሌላውን የድሮ ማድረግ መኪናውን ወደ ጎን ይስባል። የታደሰ ጎማ ፊት ላይ ማሰር ደግሞ ከነፍስ ጋር መጫወት ነው። የመሪ ጫወታ፣ ማለትም ጎማው ሳይዞር መሪው ባዶውን የሚዞረው፣ በ40 ያስቃል፤ በ80 ከመንገድ ያስወጣል። ከዚያ መብራት። የድሮው ዲናሞ የሚያበራው መብራት ለራሱ ለሾፌሩ እንኳ አይበቃም፤ እኛን የሚያሳስበን ግን የኋላው ነው። በአዲሱ መንገድ ላይ በ35 የሚያዘግም ካሚዮን ከኋላው ለሚመጣው ሰው ግድግዳ ማለት ነው። አንጸባራቂ ወረቀት ከኋላና ከጎን መለጠፍ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሲበላሽስ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር ልማዳችን ነው፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፣ ማታ ለባጃጅ ወጥመድ ይሆናል። የደህንነት ቀበቶ በእነዚህ ጋቢናዎች ውስጥ አልነበረም፤ ማስገጠም ይቻላል፤ ረዳቱም ሰው ነውና ሁለት ይሁን።

ሞተሩ የመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከሞተር መጀመር በኛ ግምት መሻሻል አይባልም።

መንገዱስ? ከአዋሳ በዲላ በኩል ወደ ሀገረ ማርያም የሚሄደው አውራ ጎዳና ሞምባሳን፣ ናይሮቢንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው ኮሪደር አካል ሆኖ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ተሻሽሏል። ከሞጆ በኩል ደግሞ ፈጣን መንገድ ወደ ደቡብ እየተዘረጋ ነው። በጌዴኦ ግን መንገዱ የሚያልፈው በቡና፣ በእንሰትና በዛፍ በተሸፈነ ተዳፋት መካከል ነው፤ ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ተራራውን ሜዳ ማድረግ አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ይኖራል፤ ቤቶች መንገዱ ዳር እንደተደረደሩ፣ ልጆችም በአስፋልቱ ላይ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ይኖራሉ።

በመኸር ወራት ነገሩ ይከፋል። ደረቅ ቡና ቢዘገይ አይበላሽም፤ ሰው ለምን በጀንፈል እንደሚሽቀዳደም ሁልጊዜ ይገርመናል። እሸት ቡና ግን በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ይቦካል፣ የይርጋ ጨፌ ስምም አብሮት ይቦካል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ማታ፣ በመጋቢ መንገድ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ አሮጌ መኪና ሁሉ ይነሣል። ለቃሚው ከጆንያው ላይ ተቀምጧል። አደጋ ሲደርስ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ከቡናው ዋጋ የሚያገኘው ደግሞ ትንሹን ነው።

«ታዲያ አይታገድም?» ለሚሉን፦ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከለከለ። አሳቡን አንነቅፍም። ሆኖም አዲስ ሲወደድ አሮጌው ዕድሜው ይረዝማል፤ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ ካሚዮን የሚተካው ከየት መጥቶ ነው? አንድ ካሚዮን ያለው ሰው፣ ከዚያም ላይ የሁለት ቤተሰብ እንጀራ የሚጋገርበት ሰው፣ በአዋጅ አዲስ አይገዛም። ዓመታዊ ምርመራው ግን አለ። ቦሎ ለመለጠፍ የሚቀርብ መኪና ባዶውን ሜዳ ላይ መቆሙ ብቻ መታየቱ በቂ አይመስለንም። ሞተሩን ያስቀየረ ካሚዮን ፍሬኑንም ማስቀየሩ ይጠየቅ፤ ይህ አዲስ ሕግ ከማውጣት ይልቅ አንድ መስመር ቅጽ ላይ መጨመር ነው። የምልልስ ክፍያው ነገር ደግሞ የማኅበራቱና የነጋዴው ጉዳይ ነው፤ ሾፌሩ በሰዓት የሚሽቀዳደመው ወዶ አይደለም።

ኤን ትሬ ዛሬም በአገራችን አልጠፋም። ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ውሃ ይመላለሳል። የሚነዱት ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ማርሽ በጆሮ የሚቀይሩ፣ በ1956 ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወሩበትን ጠዋት በልጅነታቸው ያዩ፣ ታኮ ይዘው የሮጡ ሰዎች በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ አሉ። የነሱን ታሪክ እስካሁን የመዘገበ አላጋጠመንም። ከናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ሾፌር፣ ረዳት ወይም መካኒክ የነበረ ቢኖር፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የቀጠና መታወቂያ፣ የጭነት ደረሰኝ፣ ምንም ቢሆን ይዞ ወደ ቡለቲኑ ክፍል ብቅ ቢል አብረን እንቀዳዋለን፤ ወረቀቱን በዚያው ቀን እንመልሳለን።